«ሲስተሙ አላስገባ አለኝ»፦ የመርካቶን ሱቅ የሚያቆመው የሎግኢን ችግር ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይፈታል?

«ሲስተም የለም።»

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ እድለኛ ነው። መርካቶ ውስጥ ግን ነገሩ ከመሰልቸት ያልፋል፤ ገንዘብ ነው። ከዱባይ ተራ እስከ ሚሊተሪ ተራ፣ ከቦምብ ተራ እስከ አመዴ ገበያ፣ ዕቃቸውን በደብተር ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተርም የሚይዙ ሱቆች ብዙ ናቸው። መጋዘን ያለው ዕቃ፣ የዱቤው ሒሳብ፣ የቀኑ ሽያጭ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ከጠዋቱ 2:30 ላይ ካሸሯ ስሟንና ፓስወርዷን ስታስገባ «ሎግኢን ፌልድ» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ከክፍለ ሀገር ዕቃ ሊጭን የመጣ ደንበኛ ቆሞ አይጠብቃትም። ጎረቤት ሱቅ አለለት።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ፓስወርዱን አሥር ጊዜ መሞከር፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ «የአይቲው ልጅ» ጋ መደወል። ልጁ ይመጣና ለሁሉም አንድ ፓስወርድ ሰጥቶ ይሄዳል። ሥራ ቀጠለ፣ ተገላገልን።

ዛሬ ሁለት ነገር እናስረዳችኋለን። አንደኛው፣ ሎግኢን እምቢ ሲል ችግሩ የት እንዳለ በጥቂት ደቂቃ እንዴት እንደሚለይ። ሁለተኛው፣ ያ «ለሁሉም አንድ ፓስወርድ» የሚባል መፍትሔ አንድ ቀን ገንዘብ ሲጎድል ካሸሯን ለምን መከላከያ አልባ እንደሚያስቀራት።

እስቲ እንጀምር።

ሰርቨሩ የት ነው ያለው?

ሰርቨር ሲባል ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተደረደረ ትልቅ ማሽን አታስቡ። በብዙ ሱቅ ሰርቨር የሚባለው ባለቤቱ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ያለ ተራ ኮምፒውተር ነው። እሱ ላይ ዳታቤዝ የሚባል ፕሮግራም ተጭኗል። በብዛት የሚያጋጥሙት የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ማይኤስኪውኤል እና ፖስትግሬስ ናቸው። ሱቅ ያሉት ካሸሮችና መጋዘን ያለው ስቶር ኪፐር በራውተር አልፈው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋሉ፣ ከእሱም ያነባሉ።

ዳታቤዙን እንደ መጋዘን አስቡት። መጋዘኑ ጋ ዘበኛ አለ። ዕቃ ለማውጣት 3 ነገር ማለፍ አለባችሁ፦

1ኛ. መጋዘኑ ጋ መድረስ። መንገዱ ከተዘጋ ወይም መጋዘኑ ቦታ ከቀየረ መታወቂያችሁ ምንም አይጠቅምም። ይህ የኔትወርክ ጉዳይ ነው።

2ኛ. ማንነታችሁን ማሳየት። «ማን ነህ?» ይላል ዘበኛው። ስምና ፓስወርድ እዚህ ጋ ነው የሚገባው።

3ኛ. ፈቃድ። ገብታችኋል፤ ግን የትኛውን ክፍል ነው እንድትከፍቱ የተፈቀደላችሁ? ስንት ካርቶን ማውጣት ትችላላችሁ?

ሰው ሁሉ «አላስገባኝም» ብሎ የሚጠራቸው ችግሮች ከእነዚህ 3ቱ አንዱ ናቸው። መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። የ1ኛውን ችግር ፓስወርድ በመቀየር የሚፈታ ሰው፣ መንገድ ሲዘጋ መታወቂያ የሚያሳድስ ማለት ነው።

በማንነትና በፈቃድ መካከል ያለውን ልዩነት አገር ያየው አንድ ሌሊት አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ወጪ ማድረግና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ የወጣው ገንዘብም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ተናገረ። ልብ በሉ፣ ሲስተሙ የገቡትን ሰዎች ማንነት አልሳተም። ካርዱም ፒኑም የራሳቸው ነበር። የተሳተው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ያህል ማውጣት ትችላለህ ወይ?» የሚለው። ሁሉም በየራሱ ስም ስለገባ ግን ባንኩ ማን ምን ያህል እንደወሰደ ያውቅ ነበር። ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስም እስከ መለጠፍ ደረሰ፤ አብዛኛውንም አስመለሰ። ይህቺን ነጥብ ያዙልን፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ፓስወርዱን ከመንካታችሁ በፊት 3 ጥያቄ

ማን? የት? መቼ? በቃ።

ማን ነው ያልገባው? አንዲት ካሸር ብቻ ከሆነችና በሌላ ኮምፒውተርም ሞክራ ካልገባች፣ ችግሩ የእሷ አካውንት ነው።

የት ነው ያልገባው? በአንዱ ኮምፒውተር ማንም አይገባም፣ በሌላው ግን ሁሉም ይገባል? ችግሩ ያ ኮምፒውተር ወይም ገመዱ ነው። በየትኛውም ኮምፒውተር ማንም የማይገባ ከሆነ ችግሩ ሰርቨሩ ጋ ነው።

መቼ ጀመረ? ትናንት ማታ ይሠራ ነበር? ከዚያ ወዲህ ምን ተቀየረ? መብራት ጠፍቶ መጣ? አዲስ ራውተር ተገዛ? ዊንዶውስ ተጫነ? ከእነዚህ የአንዱ መልስ «አዎ» ከሆነ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ የሱቅ ሶፍትዌር ውስጥ ሎግኢኑ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ካሸሯ የምትጽፈው ስምና ፓስወርድ የሶፍትዌሩ ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ከጀርባ በራሱ ስምና ፓስወርድ ዳታቤዙ ውስጥ ይገባል፤ ያ ፓስወርድ አንድ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ስለዚህ አንድ ሰው ዳታቤዙ ላይ ፓስወርድ ቀይሮ ፋይሉ ላይ ሳይቀይር ከሄደ፣ ካሸሮቹ ምንም ሳያጠፉ ሁሉም ከደጅ ይቀራሉ።

እኛ አገር የሚበዙት ምክንያቶች

የውጭ አገር መመሪያዎች ስለ ፓስወርድ ነው አብዝተው የሚያወሩት። እዚህ ግን ከፓስወርድ በፊት መጠርጠር ያለባቸው ነገሮች አሉ።

መብራት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቢያንስ 3 ነገር ሊበላሽ ይችላል። አንደኛ፣ ራውተሩ ለሰርቨሩ አዲስ አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። የካሸሯ ኮምፒውተር ግን በድሮው አድራሻ እየፈለገ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ ከኔትወርክ ጋር የተያያዘ ችግር እንዳለ፣ ሰርቨሩም እንዳልተገኘ የሚናገር ረዘም ያለ መልእክት ታያላችሁ። መፍትሔው ለሰርቨሩ የማይቀያየር አይፒ መስጠት ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ተነስቶ የዳታቤዙ ሰርቪስ ሳይነሳ ይቀራል። ዊንዶውስ ላይ ሰርቪስ የሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ እየሠራ መሆኑን እዩ። ፒችትሪ የምትጠቀሙም ከጀርባ ያለው የዳታቤዝ ሰርቪስ ካልተነሳ የድርጅቱ ፋይል አይከፈትላችሁም።

ሦስተኛው አሳሳች ነው። ፋይል እየተጻፈ መብራት ከጠፋ ዳታቤዙ ራሱ ሊጎዳና ሊቆለፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ኤስኪውኤል ሰርቨር ቁጥሩ 4060 የሆነ ኤረር ያወጣል፤ መልእክቱ የተጠየቀው ዳታቤዝ ሊከፈት እንዳልቻለ ተናግሮ መጨረሻ ላይ «ሎግኢን ፌልድ» ይላል። ሰው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ያነብና ፓስወርድ መቀየር ይጀምራል፤ ባስ ሲልም ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ችግሩ ግን የመጋዘኑ በር ሳይሆን ውስጡ ያለው መደርደሪያ መውደቁ ነው። ፋይሎቹን ኮፒ አድርጎ ሳያስቀምጥ የሚነካካ ሰው የዓመቱን ሒሳብ ሊያጠፋ ይችላል። ዩፒኤስ የሚገዛው ለዚህ ነው።

ኪቦርድ። ካሸሯ የዕቃ ስም በአማርኛ ስትጽፍ ቆይታ ኪቦርዱ ሳይመለስ ይቀራል። ፓስወርድ ሲጻፍ የሚታየው ነጠብጣብ ስለሆነ በግዕዝ ፊደል እየጻፈች እንደሆነ አታውቅም። ዘዴው ቀላል ነው። ፓስወርዱን መጀመሪያ ዩዘርኔም በሚገባበት ሳጥን ላይ ጻፉት፣ እዩት፣ ከዚያ አጥፉት። ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ማለት ነው። ካፕስ ሎክንም በዚያው ታዩታላችሁ።

ሰዓት። ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የኮምፒውተሩን ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማየት ብሎ 6 ሰዓት የሚያንቀሳቅስ ሰው አለ። የቦርዱ ባትሪ ሲሞትም ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ለትንሽ ሱቅ ይህ ሎግኢን ላይሆን ሪፖርት ነው የሚያበላሸው። ኮምፒውተሮቻቸውን በዶሜይን ያስተሳሰሩ ድርጅቶች ጋ ግን ከርበሮስ የሚባል የማንነት ማረጋገጫ አለ፤ በሰርቨሩና በኮምፒውተሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት ካለ ትክክለኛ ፓስወርድም ሊያስገባ አይችልም። ስልካችሁ ላይም ያው ነው። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ኮድ የሚሰጠው የማረጋገጫ አፕ የሚሠራው ሰዓት ቆጥሮ ስለሆነ፣ የስልኩ ሰዓት ሲዛባ ኮዱም ይሳሳታል። የኢትዮጵያን ሰዓት ለማየት ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጫኑ እንጂ የስልኩን ሰዓት አትንኩ።

አዲስ ኮምፒውተር። አሮጌው ተቃጠለ፣ ባክአፕ ነበረ፣ አዲሱ ላይ ተጫነ። ዳታው ሁሉ አለ፤ ማንም ግን አይገባም። ለምን? ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ነው የሚመዘገበው፦ አንዴ ሰርቨሩ ላይ፣ አንዴ ዳታቤዙ ውስጥ። ባክአፑ ይዞ የመጣው የውስጡን ብቻ ነው። አዲሱ ሰርቨር ላይ በዚያው ስም ሰው ብትፈጥሩም መለያ ቁጥሩ ስለሚለያይ አይተዋወቁም። የውስጡን ተጠቃሚ ከውጩ ሎግኢን ጋር እንደገና ማያያዝ ያስፈልጋል። ይህ ለባለሙያ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ሲስተሙን በሙሉ እንደገና ለመጫን ምክንያት አይሆንም።

ሰርቨሩ ለምን ግልጽ አይናገርም?

«ስሙ ነው ፓስወርዱ ነው የተሳሳተው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ሰርቨሩ አይመልስም። «ሎግኢን ፌልድ» ብቻ ነው የሚላችሁ። ይህ ስንፍና አይደለም። ሌባ የመጋዘን በር ሲያንኳኳ ጥሩ ዘበኛ «ስሙስ ልክ ነው፣ ቁልፉ ግን አይደለም» አይልም። እንደዚያ ካለ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

እውነቱ ግን አንድ ቦታ ተጽፏል። ሎግ የሚባለው የሰርቨሩ ደብተር ላይ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ያልገባን ሰው ሁሉ ኤረር 18456 ብሎ ይመዘግብና አጠገቡ «ስቴት» የሚል ቁጥር ይጽፋል። ቁልፉ ያ ቁጥር ነው፦

ስቴት 5፦ በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም።
ስቴት 7፦ አካውንቱ ተዘግቷል፣ ፓስወርዱም ልክ አይደለም።
ስቴት 8፦ ስሙ ትክክል ነው፣ ፓስወርዱ ተሳስቷል።
ስቴት 18፦ ፓስወርዱ መቀየር አለበት።
ስቴት 38፦ የተጠየቀው ዳታቤዝ አልተገኘም ወይም አልተከፈተም።
ስቴት 58፦ ሰርቨሩ የሚቀበለው የዊንዶውስ አካውንት ብቻ ነው።

የመጨረሻዋ አዲስ ሲጫን ትበዛለች። ኤስኪውኤል ሰርቨር ካልተነገረው በስተቀር የሚያስገባው በዊንዶውስ አካውንት ብቻ ነው። የድሮው ኮምፒውተር ላይ ሁለቱም ተፈቅዶ ከነበረና አዲሱ ላይ ከተረሳ፣ ትክክለኛ ፓስወርድ የያዘ ሰው ሁሉ ይመለሳል።

ማይኤስኪውኤል ትንሽ ይሻላል። ኤረር 1045 ሲያወጣ መጨረሻው ላይ ፓስወርድ ተልኮ እንደሆነ «የስ» ወይም «ኖ» ብሎ ይነግራችኋል። «ኖ» ካለ ሶፍትዌሩ ጭራሽ ፓስወርድ አላከም፤ ካሸሯን አትጠይቁ፣ ፋይሉን እዩ። ሌላም ነገር አለው። ማይኤስኪውኤል ሰውን በስሙ ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም ነው የሚለየው። ከሰርቨሩ ራሱ የሚገባ «አድሚን» እና ከሱቅ የሚገባ «አድሚን» ለእሱ ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። የሱቁ ኮምፒውተር አይፒ ከተቀየረ ትናንት የሚያውቃትን ዛሬ ላያውቃት ይችላል። ኤረር 1130 ደግሞ «ከዚህ ኮምፒውተር የሚመጣን ሰው አልቀበልም» ማለት ነው። ፖስትግሬስም ማን ከየት እንደሚገባ የሚጻፍበት የራሱ ፋይል አለው፤ እዚያ ያልተጻፈን አድራሻ አያስገባም።

ስለ ፓስወርድ ራሱ አንድ ነገር እንጨምር። በደንብ የተሠራ ሲስተም ፓስወርዳችሁን እንዳለ አያስቀምጥም። በሒሳብ ቀመር ፈጭቶ የተፈጨውን ነው የሚያስቀምጠው። ስትገቡ የጻፋችሁትን እንደገና ይፈጭና ከተቀመጠው ጋር ያስተያያል። የተፈጨ በርበሬ ወደ ዛላ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ያም ወደ ፓስወርድ አይመለስም። ስለዚህ ፓስወርድ ሲረሳ ባለሙያው ማድረግ ያለበት አዲስ መስጠት ነው። ሶፍትዌሩን ከፍቶ «የድሮው ፓስወርድሽ ይኸው» ብሎ ካነበበላችሁ ሲስተሙ ፓስወርድ እንዳለ እያስቀመጠ ነው ማለት ነው። እሱ ያየውን ሌላም ያያል።

ፈጣኑ መፍትሔ የሚያስከፍለው

አሁን ወደ ያዛችሁልን ነጥብ እንመለስ።

ሥራ ቆሞ ባለሱቁ ሲጮህ በጣም ፈጣኑ መንገድ ሁሉንም በትልቁ ቁልፍ ማስገባት ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ «ኤስኤ»፣ ማይኤስኪውኤል ላይ «ሩት» የሚባለው አካውንት ሁሉንም በር ይከፍታል። ፓስወርዱ 1234 ይሆናል፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሞኒተሩ ላይ ይለጠፋል። ከዚህ የባሰም አለ። ማይኤስኪውኤልን ፓስወርድ ሳይጠይቅ ሁሉንም እንዲያስገባ አድርጎ መክፈት ይቻላል፤ ይህ ባለሙያ የረሳውን ፓስወርድ ለመቀየር ለጥቂት ደቂቃ የሚጠቀምበት ነው። ችግሩ ሳይመልሱት መሄድ ነው።

ዓለም ላይ ይህ ምን እንዳመጣ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 ስፓይዳ የተባለ የኮምፒውተር ትል የ«ኤስኤ» ፓስወርዳቸው ባዶ የሆኑ ሰርቨሮችን እየፈለገ ገባባቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ፓስወርድ ሳይደረግባቸው ለኢንተርኔት ክፍት የተተዉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ተሰርዘው ባለቤቶቹ ቢትኮይን ተጠየቁ። ሌቦቹ ምንም አልሰበሩም፤ በሩ ክፍት ነበር።

ግን የመርካቶ ልጅ የሚያሰጋው የሩቁ ሌባ ብቻ አይደለም። እንበልና ሱቁ ውስጥ 4 ሠራተኛ አለ፣ ሁሉም «አድሚን» እያለ ነው የሚገባው። የወሩ መጨረሻ ቆጠራ ላይ 60 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ ጎደለ። ሲስተሙ ሲታይ አንድ ሽያጭ ተሰርዟል። ማን ሰረዘው? «አድሚን»። አድሚን ማን ነው? ሁሉም። ማለትም ማንም።

እንዲህ ሲሆን ጥርጣሬ የሚያርፈው በማስረጃ ሳይሆን በአቅም ነው። ዘመድ ያልሆነው፣ ከክፍለ ሀገር በቅርቡ የመጣው፣ ዋስ የሌላት። የራሷ ስምና ፓስወርድ ቢኖራት ሎጉ «በዚያ ሰዓት እሷ አልነበረችም» ብሎ ይመሰክርላት ነበር። ባንኩ ገንዘቡን ያስመለሰበት መዝገብ፣ ለካሸሯም ንጽህናዋን የሚያሳይ መዝገብ ነው። ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ አይደለም፤ እውነት ለሠራ ሰው ሁሉ ጥቅሙ አንድ ነው።

ለባለሱቁም ቢሆን ያው ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሽያጭ ማን መቼ እንደመዘገበ ማሳየት ለማይችል ሱቅ ሒሳቡን ለማንም ማስረዳት ከባድ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሲስተም መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ሁሉም በአንድ ስም ሲገባ ማን ተፈቅዶለት እንደገባ፣ ማን ሳይፈቀድለት እንደገባ መለየት አይቻልም።

ነገ ጠዋት የሚሠራ

1. ሎግኢን እምቢ ካለ መልእክቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቁጥሩ እስከ መጨረሻው ይታይ። «አልሠራም አለ» ከማለት ያ ፎቶ ለባለሙያው ይበልጣል።

2. ከ3 ጊዜ በላይ አትሞክሩ። ብዙ ሲስተም ሲደጋገም አካውንት ይቆልፋል፤ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

3. ማን? የት? መቼ? ብላችሁ ጠይቁ።

4. ሰርቨሩ መብራቱን፣ ሰርቪሱ መነሳቱን፣ አይፒው አለመቀየሩን እዩ። ፓስወርድ መቀየር ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

5. ማንም ሰው «አጥፍቼ ልጫነው» ካለ መጀመሪያ ባክአፕ ሌላ ዲስክ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ካላያችሁት አታስነኩ።

6. ለጥገና የተከፈተ ነገር ሁሉ መዘጋቱን፣ በጊዜያዊነት የተሰጠ ፓስወርድም መቀየሩን ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ጠይቁ።

7. ካሸር ወይም ስቶር ኪፐር ከሆናችሁ በራሳችሁ ስም ዩዘር እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ። ከሥራ የወጣ ሰው ዩዘርም በዚያው ቀን ይዘጋ።

ሰባተኛዋን መጠየቅ ሊከብድ ይችላል። «ምነው፣ አላመንሽንም?» የሚል ባለሱቅ አይጠፋም። መልሱ እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ እንዲያውም እርስዎ እንዲያምኑኝ ነው።»

ይህን ጽሑፍ ሱቅ ለሚሠራ ጓደኛችሁ ላኩለት። የአይቲው ልጅ ከመደወሉ በፊት ይድረሰው።